ጤነኛ ነኝ ብዬ ወገቤን ያስለካሁ ዕለት

ጤነኛ ነኝ ብዬ ቀጥ ብዬ ሄጄ፣ እንደ ማጭድ ጎብጬ የተመለስኩ ሞኝ ብትፈልጉ እኔ አለሁላችሁ። ሰው ሲያመው ይታከማል። እኔ ሳያመኝ ሄጄ በሽታ ይዤ መጣሁ።

ነገሩ የሆነው በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነው። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ ቅድስት አገር ከመጣን ሁለት ዓመት ቢሆነን ነው፤ ቂርያት ጋት በምትባል ከተማ ቤት ከገባን ግን ገና ዓመትም አልሞላን። እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ ያልወጣው ስላመመኝ አይደለም፤ ሕመሙስ አልፏል። በዕድሜዬ አንድ ትልቅ ይቅርታ ጠይቄ ምርቃት የተቀበልኩት ያን ቀን ስለሆነ ነው። ይቅርታውን ደግሞ እኔ አልጠየቅሁም። ወገቤ ነው የጠየቀው።

መጀመሪያ ጠቡን ልንገራችሁ።

አማቴ አባ ታከለ፣ የባለቤቴ የጥሩወርቅ አባት፣ ረጅም ሽማግሌ ናቸው። ጫፉ ብረት የለበሰ ዱላ አይለያቸውም። ሰው ሰላም ሳይሉ ማለፍ አያውቁም። እዚህ አገር ሰው እየሮጠ ነው ሰላም የሚልህ። እሳቸው ግን ይቆማሉ፣ ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ፣ ጎንበስ ይላሉ፣ ከዚያ ቤተሰቡን አንድ በአንድ ይጠይቃሉ። አውቶቡስ ሾፌሩን እንኳ እንዲህ ሰላም ሲሉት ከኋላቸው ያለው ሰልፍ ሁሉ ይጮኻል።

አንድ ቀን ከተማው መሐል አብረን ስንሄድ፣ አንድ ልብስ ቤት በር ላይ ቀሚስ ለብሳ፣ ኮፍያ ደፍታ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ የቆመች አሻንጉሊት አዩ። ሰው የምታክል ናት። አሻንጉሊት መሆኗን በምን ይወቁ? ባርኔጣቸውን አወለቁና ጎንበስ አሉ።

"እንደምን አደሩ፣ እመቤቴ?"

ዝም።

"ልጆች ደህና ናቸው?"

ዝም። አባ ታከለ ግራ ገባቸው። አሁን ይበልጥ ዝቅ ብለው፣ "ምነው፣ አስቀየምኩዎት?" አሏት።

እኔ ከኋላቸው ነበርኩ። ሳቄን አፌ ውስጥ ላፍነው ሞከርኩ፣ በአፍንጫዬ ወጣ። ከዚያ በኋላ ማን ይቻለኝ? እግረኛ መንገዱ ላይ ቁጭ ብዬ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። የእኔን ሳቅ ሰምቶ ባለ ሱቁ ወጣ፣ እሱም ሳቀ። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ሳቀ። አባ ታከለ ባርኔጣቸውን ደፉ፣ አንድ ቃል ሳይናገሩ፣ ዱላቸውን ቋ ቋ እያደረጉ ሄዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቴን አልረገጡም።

ሽማግሌ ተላከብኝ። ሥርዓቱን ታውቁታላችሁ፤ ታናሽ ታላቁ ፊት ጎንበስ ብሎ "አጥፍቻለሁ" ይላል፣ ታላቅ "ቀና በል" ይላል፣ አለቀ። ሽማግሌዎቹም አዘኑልኝ መሰለኝ፣ "ድሮ ቢሆን ድንጋይ ተሸክመህ ነበር። ድንጋዩ ይቅርልህ፤ ጎንበስ ማለቷ ትበቃለች" አሉኝ።

እኔ ግን ግትር አልኩ። "ለሳቅ ይቅርታ ይጠየቃል እንዴ? ሳቅ እንደ ማስነጠስ ነው፤ መጣ፣ ወጣ። ነገ ባስነጥስ ደግሞ ሽማግሌ ልትልኩብኝ ነው? የእኔ ወገብ ለዚህ አይታጠፍም!" አልኳቸው። እሱንም ቀስ ብዬ አይደለም፤ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ፀሐይ የሚሞቁበት የአውቶቡስ ማቆሚያ ጋ ቆሜ፣ ሁሉም እየሰማ።

ነገሩ እንዲሁ ቢቀር ምንም አልነበረ። የትልቋ ልጃችን ሰርግ ደረሰ። ጥሩወርቅ አንድ ቀን ሳህን እያጠበች፣ ፊቷን ወደ እኔ ሳታዞር፣

"አባቴ ያልመረቃት ልጅ ከዚህ ቤት አትወጣም" አለችኝ።

"አዳራሹን ይዘናል እኮ፣ ጥሩዬ።"

"አዳራሹ ይመርቃታ!"

ከዚያ በኋላ ወጥ ይቀርብልኛል፣ ወሬ አይቀርብልኝም። ልጄም ስታየኝ ዓይኗ እንባ ያቀርራል። የራሴ ቤት ውስጥ እንደ እንግዳ ጫፍ ላይ ነበር የምቀመጠው። ልሂድና ጎንበስ ልበል እላለሁ፤ ደግሞ ያን ሁሉ አፍ ከፍቼ እንዴት ብዬ? እንዲህ ስንገላታ ነው የወገቡ ነገር የመጣው።

የምሠራው የኢንዱስትሪው ቀጠና ውስጥ አንድ ፋብሪካ ነበር፤ ካርቶን ከማሽን ላይ እያነሳሁ እደረድራለሁ። አንድ ጠዋት መናሄሉ፣ አለቃችን ማለቴ ነው፣ ሰብስቦን፣ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የጤነኛ ሰው ወገብ እንዴት እንደሚታጠፍ መለካት ትፈልጋለች አለን። ወገቡን አሞት የማያውቅ ብቻ ነው የምትፈልገው አለ። መስሚያዬ የደከመ መስሎኝ ደግሜ አስተረጎምኩ። ጤነኛ? ጤነኛ ይለካል? እኛ አገር የታመመው ሐኪም ፍለጋ በቃሬዛ ተራራ ይወርዳል፣ እዚህ ጤነኛው በሜትር ይለካል! ምን ዓይነት ጥጋብ ነው?

"የሄደ ሰው ከሰዓት በኋላ ሥራ አይገባም፤ ደሞዙ ግን አይነካም" ሲል ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ትናንት "ወገቤን፣ ወገቤን" ሲል የዋለው ሁሉ እጁን አወጣ። አንድ በሽተኛ ጠፋ። ያን ቀን ከእኛ ፋብሪካ የበለጠ ጤነኛ ፋብሪካ አልነበረም።

መለኪያው ቦታ ማትናስ ነበር፤ ልጆች ጁዶና ጭፈራ የሚማሩበት የሰፈሩ ማዕከል። አንድ ክፍል ውስጥ ፍራሽ ተነጥፏል። ልጅቷ ኢሪት ትባላለች፤ ቀጭን፣ መነጽር ያደረገች፣ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንደ ልብስ ሰፊ የጣለች። የምታስተረጉምልን የጎረቤታችን ልጅ ወርቅነሽ ናት፤ ወታደርነቷን ጨርሳ ማትናስ ውስጥ የምትሠራ ጨዋ ልጅ።

ጣጣው ከዚያ ጀመረ። ወርቅነሽ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ፣

"አያ አዳነ፣ ሸሚዝዎን ከፍ፣ ሱሪዎን ትንሽ ዝቅ ያድርጉ ትላለች" አለችኝ።

"ትንሽ ማለት እስከ የት ነው?"

"እኔ እንጃ! እኔ የማየው ግድግዳ ነው።"

እንግዲህ አስቡት። አርባ ዓመት ያለፈኝ፣ ልጄን ልድር የደረስኩ ሰው፣ ሱሪዬን በአንድ እጄ ይዤ ለሁለት ልጃገረዶች ጀርባዬን ሰጥቼ ቆሜያለሁ። ኢሪት በእስክሪብቶ ወገቤ ላይ ሁለት ምልክት አደረገች፤ አንዱን ታች፣ አንዱን ላይ። ቆሜ ሳለሁ በምልክቶቹ መሐል ያለውን ለካች። ከዚያ ጎንበስ በል አለችኝ፤ ቆዳው ሲለጠጥ ምልክቶቹ ይራራቃሉ፣ እንደገና ትለካለች። በተራራቁት ልክ ወገብህ ይታጠፋል ማለት ነው። ይኸው ነው ሳይንሱ።

ከእኔ በፊት የሥራ ጓደኛዬ ባዩ ተለክቶ ነበር። ባዩ ሸንበቆ ነው፤ እጥፍ ሲል ግንባሩ ጉልበቱን ይነካል። እሱን ስትለካ ኢሪት "ዮፊ!" ብላዋለች፤ ግሩም ማለቷ ነው። በሩ ላይ ቆሜ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እኔን ለካችኝ፣ ጻፈች፣ ዝም።

"ወርቅነሽ፣ ምን አለች?"

"ምንም አላለች።"

"ባዩን ዮፊ ብላዋለች እኮ!"

ወርቅነሽ ለግድግዳው በዕብራይስጥ ነገረችው፣ ኢሪት መለሰች።

"ፈተና አይደለም ትላለች። ሰው ሁሉ የየራሱ አለው፣ የሚወድቅም የሚያልፍም የለም ትላለች።"

"እሺ፣ የእኔ ከባዩ ያንሳል ይበልጣል?"

"ያንሳል፣ አያ አዳነ።"

ባዩ ከበሩ ውጭ ሆኖ ይህን ሰማ። "ወገቤ አይታጠፍም ብለህ አልነበር? ይኸው በሜትር ተረጋገጠ!" ብሎ ጮኸና እየሳቀ ወደ ቤቱ ሄደ።

ደሜ ፈላ። ነገ ፋብሪካው ሁሉ ይህን ይሰማል። "ወርቅነሽ፣ ሁለት ሳንቲሜትር ብትጨምርልኝ ምን ይጎድልባታል በያት" አልኩ። አይቻልም አለች። "አንድ ትጨምር።" እሷም አይቻልም። በአርማጭሆ ገበያ እንኳ በሬ ስገዛ እንዲህ ያለ ደረቅ ሻጭ አላጋጠመኝም።

"እንግዲያውስ ትከሻዬን ትለካ! የጎንደር ሰው ሀብቱ ትከሻው ነው፣ ወገብ ማን ይፈልጋል?" ብዬ ትከሻዬን እስክስታ አስመታሁት። ሱሪዬ ሊወልቅ ደረሰ። ወርቅነሽ ግድግዳው ላይ ተለጥፋ ትስቃለች። ኢሪት ግን ሜትሯን ይዛ፣ እስክስታው እስኪያልቅ ጠበቀችና፣ "ጥናቱ ስለ ወገብ ነው" አለች። ሳይንስ አይስቅም ለካ።

ለመንኩ፣ ተለማመጥኩ። በመጨረሻ አንድ ጊዜ ብቻ ልትደግምልኝ ተስማማች። "ቀስ ብሎ ጎንበስ ይበል፣ ወገቡ ሲያቆመው እዚያው ይቁም" አለች።

ጎንበስ አልኩ። ጣቶቼ ጉልበቴን አለፉ። "ዳይ" አለች ኢሪት። ይህን ቃል ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገኝም፤ በቃ ማለት ነው። እዚህ ላይ ነው የእኔ ሞኝነት ጫፍ የደረሰው። እኛ ዘንድ እንግዳ ከማዕድ ላይ "በቃኝ፣ በቃኝ" ሲል ምን ይደረጋል? ይጨመርለታላ! በቃኝ ስላለ እጁን የሚሰበስብ ጋባዥ ንፉግ ነው። እኔም ጨመርኩ። ጣቶቼ ቁርጭምጭሚቴ ጋ ደረሱ። "ዳይ፣ ዳይ!" አለች። ደግማ ካለችማ ከልቧ እያከበረችኝ ነው ብዬ፣ እንደ ጥሩ ጋባዥ አንድ ትልቅ ጉርሻ ጨመርኩላት። መዳፌ ፍራሹን ሊነካ አንድ ስንዝር ሲቀረው ወገቤ እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀጭ አለ።

ከዚያ በኋላ ወደ ታችም የለ፣ ወደ ላይም የለ። ትንሽ ከፍ አልኩ፣ እንደ ማጭድ ሆንኩ፣ እዚያው ቀረሁ።

"ቀና ይበል ትላለች፣ አያ አዳነ።"

"እሷ ታቅናኝ!"

"አመመው ወይ ትላለች።"

ጤነኛ ነኝ ብሎ የመጣ ሰው ምን ይበል? "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ በያት።"

"ደህና ከሆነ ለምን አይነሳም ትላለች።"

"በጣም ደህና ስለሆንኩ ነው በያት!"

ልጅቷ ፊቷ አመድ መሰለ። ፍራሹ ላይ ጋደም ይበል፣ አምቡላንስ ልጥራ፣ ሐኪም ልጥራ አለች። አሳዘነችኝም፣ አናደደችኝም። አምቡላንስ ቢመጣ ሰፈሩ ሁሉ ይወጣል፤ ምን ሆኖ ነው ሲባል "ጤነኛ ሆኖ ነው" ሊባል ነው። እንቢ ብዬ ሱሪዬን ወገቤ ድረስ ጎትቼ፣ አንድ እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ወጣሁ። ቤቴ ሩቅ አይደለም።

ጎብጦ የሄደ ሰው ቂርያት ጋትን ሌላ ከተማ ሆና ነው የሚያገኛት። ሰማይ የላት፣ ፎቅ የላት። የሱፍ ፍሬ ልጣጭ፣ የሲጋራ ቁራጭ፣ የአውቶቡስ ትኬት፣ እና ጫማ ብቻ ናት። ጫማ እያየሁ ሰላም እላለሁ፤ የማን እንደሆነ አላውቅም። አንዲት ሩሲያዊት አሮጊት፣ እነሱም እንደኛ አዲስ ገብ ናቸው፣ አጠገቤ ቆመች። ገንዘብ ወይ ቁልፍ የጣልኩ መስሏት በሩሲያኛ እያጉረመረመች አብራኝ ጎንበስ አለችና ትፈልግልኝ ጀመር። ምንም አልጠፋኝም ብዬ በአማርኛ ነገርኳት፤ በዕብራይስጡ እሷም ከእኔ አትሻልም። ግማሹን መንገድ አብረን ጎብጠን ፈለግን። መጨረሻ ላይ አንድ የሸሚዝ ቁልፍ አንስታ መዳፌ ላይ አደረገችልኝ፣ ጉንጬን መታ መታ አድርጋ ሄደች። ከዚያ ሁሉ ሰው ያን ቀን የፈለገችውን ያገኘች እሷ ብቻ ናት።

ከቤቴ በፊት ያ የአውቶቡስ ማቆሚያ አለ። አጥር አጥሩን ታክኬ ልለፍ ብዬ ሳስብ፣ ዓይኔ ሥር አንድ የዱላ ጫፍ አየሁ። ብረት የለበሰ። ከጎኑ ጥቁር፣ የተወለወለ ጫማ።

አባ ታከለ።

ቆምኩ። ከሳቸው ግራና ቀኝ ያሉት ጫማዎች ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። ከዚያ አንዱ ሽማግሌ በቀስታ፣ "እግዚኦ! መጣ። ራሱ መጣ" ሲል ሰማሁ።

"ጎንበስ ብሎ! በሰው ፊት!"

"አልነገርኳችሁም? አፉ ነው እንጂ ልቡ ደህና ነው።"

እውነቱን ልናገር ነበር፣ በእግዚአብሔር ስም። "አባ፣ ወገቤን…" ብዬ ጀመርኩ። ያኔ ከጎን አንድ የማውቀው ጫማ እየሮጠ መጣ፤ ሰማያዊ፣ ማሰሪያው በክር የተሰፋ። የሰፋሁት እኔ ነኝ። ጥሩወርቅ ከሱቅ ስትመለስ አይታን ነው። የያዘችውን ዘንቢል መሬት አስቀመጠች። አንዲት ጠብታ አስፋልቱ ላይ ጠብ አለች፣ ቀጥላ ሌላ። ሰማዩን ባላየውም ዝናብ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

አፌን ዘጋሁት።

"ይቅር ብዬሃለሁ፣ ልጄ" አሉ አባ ታከለ። "ቀና በል።"

ቀና አልኩ? በምን ወገቤ!

ሽማግሌዎቹ ተንሾካሾኩ። "አልነሳም አለ እኮ! አባ ታከለ፣ ከአንገት በላይ ነው መሰል ይቅርታዎ። ከልብዎ ይበሉት እንጂ!"

አባ ታከለ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ከልቤ ይቅር ብዬሃለሁ። ቤትህ ይባረክ። ልጅህ ትውለድ፣ ትክበድ። ቀና በል።"

"አሜን" አልኩ፣ እዚያው እንዳለሁ። ላቤ በአፍንጫዬ ጫፍ ይንጠባጠባል።

"ኧረ ይህ ሰው እንዴት ተጸጽቷል!" አለ አንዱ። "እኔ እንዲህ ያለ ይቅርታ አገር ቤትም አላየሁ።"

ሦስተኛ ጊዜ ዱላቸውን ለሰው ሰጥተው፣ በሁለት እጃቸው ትከሻዬን ያዙና፣ "ቀና በል እንጂ፣ ልጄ!" ብለው ወደ ላይ ሳቡኝ። የጮኽኩትን ጩኸት አልረሳውም። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ሽማግሌዎቹም አብረውኝ አለቀሱ። በሁለት በኩል ደግፈው፣ እየመረቁ ቤቴ አስገቡኝ። አባ ታከለም ከስንት ጊዜ በኋላ የቤቴን ደፍ ረገጡ።

ማታ ጥሩወርቅ ወገቤን ቅባት ልታሸኝ ሸሚዜን ገለጠች። "ወገብህ ላይ ማን ጻፈብህ?" አለች። ሁሉንም ነገርኳት። መጀመሪያ ትራሱን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች፤ ከዚያ ድንገት ኮስተር አለች።

"ለአባቴ ትንፍሽ እንዳትል! ሰርጉ ይለፍ።"

"ከሰርጉ በኋላስ?"

"ከሰርጉ በኋላማ በጭራሽ።"

ሰርጉ አማረ። አባ ታከለ ልጄን መረቋት፣ የአዳራሹ አስተናጋጆች ሾርባው ቀዘቀዘ እስኪሉ ድረስ። ወርቅነሽ እዚያው ሰርጉ ላይ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ "አያ አዳነ፣ ኢሪት የእርስዎን ልክ ሰርዛዋለች። ጥናቱ ለጤነኞች ብቻ ነው ብላ" አለችኝ። እንግዲህ ያ ሁሉ መከራ ለሳይንስም አልጠቀመ። አልናደድ?

ከዓመት በኋላ የመጀመሪያ የልጅ ልጄ ግርዛት ሆነ። አባ ታከለና እኔ ከእንግዳው ወጣ ብለን እዚያው የአውቶቡስ ማቆሚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ምስጢሩ ሆዴን ቆርጦት ነበር። ያልጠየቅሁትን ይቅርታ ይዤ፣ ያልሠራሁበትን ምርቃት በልቼ፣ እሳቸው ባዩኝ ቁጥር እሳቀቃለሁ። ዛሬም ሳስበው የሚያበግነኝ ይህ ነው፤ ያን ቀን ቀጥ ብዬ ሄጄ ጎንበስ ብል ኖሮ ወገቤም ሆዴም ባልታመሙ። ፊት ለፊት እያየሁ፣ "አባ፣ ያን ቀን ይቅርታ አልነበረም። ወገቤ ተይዞ ነው" አልኳቸው።

"አውቅ ነበር" አሉኝ።

"ምን?"

"ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው እግሬን ያያል። አንተ የምትቀመጥበትን ነበር የምትፈልግ።"

"ታዲያ እያወቁ ለምን ነው ቀና በል፣ ቀና በል ያሉኝ?"

ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

"አንተ መንገድ መሐል ስትስቅብኝ ከተማው ሁሉ ሰማ። እኔም ያን ቀን ሦስቴ ስቄብሃለሁ፤ የሰማው ግን አንጀቴ ብቻ ነው። አሳሳቅ እንዲህ ነው፣ ልጄ።"